«ምን ጣዳችሁ?»፦ ሲጋራ ካቆማችሁ በኋላ እንዳያገረሽባችሁ በማድቤት ወሬ መደጋገፍ

ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ አብዝቶ የሚደርሰኝ ጥያቄ «እንዴት አቆምክ?» የሚለው አይደለም። «ካቆምኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፤ ቀኑን እንደምንም አሳልፈዋለሁ፣ ማታ ግን ምን ልሁን?» የሚለው ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ደጋግሜ መጻፉም ስለሰለቸኝ አሠራራችንን ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ባጭሩ፦ ያቆማችሁ ጥቂት ሰዎች በስልክ ትገናኛላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታወሩት ስለ ሲጋራ ሳይሆን ስለ እራት ነው፣ አምሮት የመጣበት ሰው ሲጣራ ግን ሁሉም የያዘውን ሽንኩርት አስቀምጦ ይመልሳል።

መጀመሪያ ከምን ጋር እንደምትታገሉ እወቁ። ኒኮቲን ከደም ቶሎ ይወጣል፤ በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መነጫነጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱና ረሃቡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምሩና በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታሉ፤ አብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለዝባል። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው ልማዱ ነው። አንድ አምሮት ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተለካው በዚያ 10 ደቂቃ ልክ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ፣ በውስጡም የጋራ መልእክት የምትለዋወጡበት ግሩፕ
- ከ4 እስከ 8 ሰዎች
- አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ (ወረቀቱ ማድቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል)
- ደቂቃ መቁጠሪያ፤ የስልኩ ይበቃል
- መክተፊያ፣ ቢላና ክዳኑ ያልጠፋ ድስት
- ትልቅ የውሃ ብርጭቆ
- ተልጦ የተቀመጠ ካሮት ወይም ሌላ የሚቆረጠም ነገር
- የጋዝ ምድጃ ካላችሁ፣ ነበልባል የሌለው በብልጭታ ብቻ የሚሠራ መለኮሻ
- ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የሰጣችሁ የኒኮቲን መተኪያ (ማስቲካ፣ የሚመጠጥ እንክብል ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ) ካለ እሱ

ደረጃ 1፦ ሰዎቹን ምረጡ

ከ4 ካነሳችሁ አንዱ ሲተኛ፣ ሌላው ሥራ ሲሆን የሚመልስ ይጠፋል። ከ8 ከበለጣችሁ ደግሞ ሁሉም «ሌላው ይመልስለታል» ይልና ማንም ሳይመልስ ይቀራል። ቢያንስ አንዱ ካቆመ ወራት ያለፉት ሰው ይሁን፤ አምሮቱ እንደሚያልፍ በራሱ ያየ ሰው ሲናገር ይታመናል። ሌሊት የሚሠራ ወይም የሚያመሽ ሰው ካገኛችሁ እንዳታስመልጡት።

ዛሬም የሚያጨስ ወዳጅ፣ የሚያቆምበትን ቀን ቆርጦ ካልመጣ በቀር፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አይግባ። የማብሰል ችሎታን በተመለከተ አትጨነቁ። እንቁላል ከመቀቀል ሌላ የማያውቅ ሰው እንዲያውም ይጠቅማል፤ ብዙ ይጠይቃል፣ ወሬው የሚቀጥለውም በጥያቄ ነው።

ደረጃ 2፦ ደንቡን በመጀመሪያው ቀን ተስማሙ

ደንቡ አራት መስመር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማንም አያስታውሰውም።

ሀ. መልእክት ከክብሪት ይቀድማል። ሳይጽፉ መለኮስ የለም።
ለ. አምሮት ለያዘው ሰው የሚሰጠው መልስ ጥያቄ ነው እንጂ ምክር አይደለም።
ሐ. የሲጋራ ፎቶ፣ የሚያጨስ ሰው ቪዲዮ፣ «እንዴት ይጣፍጥ ነበር» የሚል ትዝታ አይላክም፤ ማየቱና መስማቱ ብቻ አምሮትን ስለሚቀሰቅስ።
መ. የተሰናከለ አይሰደብም፣ አይባረርም። ሰው ካፈረ ይደብቃል፤ የደበቀን ሰው ደግሞ መርዳት አይቻልም።

ከዚያ አንዲት የጥሪ ቃል ምረጡ። የእኛ ቃል «ገነፈለ» ነው። አምሮት የያዘው ሰው ረጅም ነገር የመጻፍ ትዕግሥት የለውም፤ አንድ ቃል ግን ይችላል። ደግሞም አጠገቡ ያለ ሰው ስልኩን ቢያየው የድስት ወሬ ይመስለዋል።

ደረጃ 3፦ ክፉ ሰዓታችሁን ጻፉ

ለ2 ቀን ያህል አምሮት በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምን እያደረጋችሁ እንደነበር በወረቀቱ ላይ አስፍሩ። በ3ኛው ቀን ስታዩት አምሮቱ ቀኑን ሙሉ እንዳልነበረ ትረዳላችሁ፤ አራት አምስት ቋሚ ሰዓት አለው። ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን አንድ የማድቤት ሥራ ጻፉ፦ ከሥራ እንደገባችሁ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ከእራት በኋላ ከሆነ ዕቃ ማጠብ፣ ከመኝታ በፊት ከሆነ ለነገ የሚሆን ሊጥ ማቡካት።

የምትመርጡት ሥራ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ይሁን። ምስር የሚለቅም ሰው አንድ እጁ ነፃ ነው፤ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ግን ሲጋራ ቢሰጡትም በምን ይይዘዋል? አእምሮ ሲጋራን ከቦታና ከድርጊት ጋር አስሮ ስለሚያስቀምጥ፣ ሰዓቱ ባዶ ሆኖ ካገኘው የቀድሞውን ይጠራል። ሰዓቱን አስቀድማችሁ በሌላ ሥራ ያዙት።

ደረጃ 4፦ ማድቤቱን ፈትሹ

መተርኮሻው ይውጣ። «ለእንግዳ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተረሳው ፓኮም እንደዚያው፤ እንግዳው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው የማያስበው ላይተሩን ነው። የጋዝ ምድጃ በላይተር የምትለኩሱ ከሆነ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያንኑ ነገር በዚያው ጣት ትጫናላችሁ ማለት ነው፤ እጅ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። በብልጭታ መለኮሻ ቀይሩት። ሽርጡንና መጋረጃውን እጠቡ፤ የከረመ የጭስ ሽታ ራሱ ይጠራል። ድስቱ እስኪበስል የምትጠብቁበትን ወንበርም ከበረንዳው በር ወይም ከመስኮቱ ሥር አንሱት።

አብሯችሁ የሚኖር ሰው የሚያጨስ ከሆነ እንዲያቆም አትጨቅጭቁት። የምትጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውጭ እንዲያጨስና ፓኮውን የጋራ ጠረጴዛ ላይ እንዳይተው።

ደረጃ 5፦ አምሮቱ ሲመጣ

ዋናው ይህ ነው። ቅደም ተከተሉን ሳትቀይሩ ያዙት።

1. ቢላውን አስቀምጡ፤ ምድጃ ላይ የተጣደ ካለ አጥፉ።
2. «ገነፈለ» ብላችሁ ላኩ።
3. መቁጠሪያውን 10 ደቂቃ ላይ አድርጉት።
4. ብርጭቆውን ውሃ ሞልታችሁ በትንሽ በትንሹ ተጎንጩ።
5. የሚመጣውን ጥያቄ መልሱ።

ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

— ገነፈለ።
— አለሁ። የት ነህ?
— በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ።
— ግባ ወንድሜ። ማድቤት ውስጥ ምን አለህ?
— ሽንኩርት፣ ምስር፣ ግማሽ ጎመን።
— ምስሩን እጠበው። በስንተኛው ውሃ እንደጠራ ንገረኝ።
— በ4ኛው ጠራ።
— ጎበዝ። ሽንኩርቱን አድቅቀህ ነው ወይስ በቁመቱ የምትከትፈው?

ልብ በሉ፣ ሲጋራ የሚለው ቃል አንዴም አልተነሳም። መላሹ መጀመሪያ ሰውየውን ከቦታው አስነሳው፤ በረንዳ ላይ ቆሞ አምሮትን መቋቋም ከባድ ነው። ከዚያ አጭር መልስ ያለውን ነገር ጠየቀው። «ጠንክር»፣ «አይዞህ» ማለት ክፋት የለውም፤ ግን መልስ ስለማይፈልግ ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል፣ ሰውየውም ከአምሮቱ ጋር ብቻውን ይቀራል። «ስንት ደቂቃ ሆነው?»፣ «ክዳኑን ከፍተህ እየው፣ ውሃው የት ደርሷል?» የሚሉ ጥያቄዎች ግን ሄዶ አይቶ መመለስ ይጠይቃሉ። ሄዶ መምጣቱ ራሱ ደቂቃ ይበላል።

በ2 ደቂቃ ውስጥ የመለሰ ከሌለ በድምፅ ደውሉ፤ ለዚህ ስትሉ ስልክ ቁጥር አስቀድማችሁ ተለዋወጡ። 10 ደቂቃው አልቆ አምሮቱ ካልለቀቃችሁ ክፍል ቀይሩና መቁጠሪያውን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስጀምሩ። የታዘዘላችሁ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም የሚመጠጥ እንክብል ካለ ሰዓቱ አሁን ነው።

ደረጃ 6፦ የዕለቱ ጥያቄ

ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ፣ በተራ፣ አንድ ሰው «ምን ጣዳችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ዳቦ በሻይ የሚበላም ቢሆን ይመልሳል። ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ሥራው ግን ዝም ያለውን ሰው ማሳየት ነው። እኛ ዘንድ እንዳየሁት፣ መልሶ የጀመረ ሰው ከመናገሩ በፊት ይጠፋል። ስለዚህ ለ2 ቀን ያልመለሰ ሰው ይደወልለታል፤ ሲነሳም የመጀመሪያው ጥያቄ «አጨስክ እንዴ?» ሳይሆን «ምን በላህ?» ነው።

አንድ ልጨምር፦ ያማረ ሳህን ፎቶ «ደስ ይላል» ተብሎ ያልፋል። ያረረ ድስት ፎቶ ግን ግማሽ ሰዓት ያስወራል። ሲያርርባችሁ አትደብቁ።

ደረጃ 7፦ ድስቱ እስኪበስል ያለው ጊዜ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ተቁላልቷል፣ ውሃው ገብቷል፣ ክዳኑ ተገጥሟል። እጅ ድንገት ሥራ ፈታ። ድሮ ይህች ሰዓት የሲጋራ ነበረች። እኔም ከዚህ በፊት አንዴ አቁሜ በ19ኛው ቀን ያገረሸብኝ ቦሎቄ ጥጄ ስጠብቅ ነው፤ ቦሎቄው ከመብሰሉ በፊት ሦስት አጭሼ ነበር።

መፍትሔው ጥበቃውን አስቀድሞ ማወቅና መቁረጥ ነው። ምስር ክክ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሩዝም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ያልተከካ ምስር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ የተነከረ ቦሎቄ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አጭር የሆነውን ወይም እየተማሰለ የሚበስለውን ምረጡ። ረጅሙን፣ ሰው አብሯችሁ ሲኖር ወይም ግሩፑ ውስጥ የነቃ ሰው ሲኖር ጣዱት።

የቀረውን ጊዜ በ10 በ10 ደቂቃ ክፈሉት፦ በመጀመሪያው 10 መክተፊያና ቢላ ይታጠባል፣ በሁለተኛው ለነገ ካሮት ይላጣል፣ በሦስተኛው ድስቱ ተከፍቶ ይማሰልና ምን እንደሚመስል በድምፅ መልእክት ይነገራል። እኛ ይህን «ማማሰያ ተረኛ» እንለዋለን፤ አንዱ ድስት ጥዶ ሲጠብቅ ሌላው በየ10 ደቂቃው «አማስል» ብሎ ይልክለታል።

ቀይ ቦሎቄ ለምትወዱ፦ ሌሊቱን ነክራችሁ፣ የተነከረበትን ውሃ ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ይንተክተክ። ጥሬው ውስጥ ያለው ሆድ የሚያውክ ነገር በለስላሳ ሙቀት አይጠፋም። ያ 10 ደቂቃ ከአምሮቱ 10 ደቂቃ ጋር መግጠሙ የእኛ ዕድል ነው።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ጉርሻ

እንደዋጣችሁ ከገበታው ተነሱ። አትቀመጡ፤ ከምግብ በኋላ የሚመጣው አምሮት ወንበሩን ያውቀዋል። ጥርሳችሁን ቦርሹ፣ ከዚያ ዕቃ እጠቡ። እርጥብ እጅ ሲጋራ አይመቸውም።

ደረጃ 9፦ ቡናውን በግማሽ ቀንሱ

የትምባሆ ጭስ ውስጥ ያሉ ነገሮች (ኒኮቲኑ አይደለም) ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። ሲጋራው ሲቆም ጉበቱ ወደ ተፈጥሯዊ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ያው ስኒ ቡና ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የልብ ድው ድው፣ መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ይመጣና ሰው «ሲጋራው ነው የጎደለኝ» ይላል። የጎደለ የለም፤ የበዛው ቡናው ነው። የመጀመሪያውን ስኒም ከለመዳችሁት ቦታ ሌላ ቦታ ጠጡ።

ደረጃ 10፦ ሆዳችሁን አትርሱ

ረሃብና አምሮት ይመሳሰላሉ። በየ3 እና በየ4 ሰዓቱ ትንሽ ነገር ቅመሱ፤ «ገነፈለ» ከማለታችሁ በፊት ከምግብ ስንት ሰዓት እንደሆናችሁ አስቡ። የሆድ ድርቀት የተለመደ ነው፤ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ውሃ ያቀሉታል። ሳል ለጥቂት ሳምንት ቢጨምር አትደንግጡ፤ ሳንባ ራሱን ማጽዳት ሲጀምር ይህ ያጋጥማል። ካልቀነሰ ወይም ደም ካለበት ግን ሐኪም ይየው።

ማሽተትና መቅመስ በቀናት ውስጥ መመለስ ይጀምራል፤ የድሮው የጨው ልካችሁም ይበዛባችኋል። ጨው በመጨረሻ፣ ቀምሳችሁ ጨምሩ። ኪሎ መጨመር ለብዙ ሰው ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት 4 ወይም 5 ኪሎ መጨመር ያልተለመደ አይደለም። ግን ሲጋራ ባቆማችሁበት ወር ምግብ መቀነስ አትጀምሩ፤ ሁለቱን ረሃብ አንድ ላይ መቻል ከባድ ነው።

ደረጃ 11፦ ከተሰናከላችሁ

አንድ ሲጋራ አንድ ሲጋራ ነው። ወደ ፓኮ የሚቀይረው «ካሁን ወዲያ ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብ ነው። የያዛችሁትን አጥፉ፣ የቀረውን ውሃ አስነክታችሁ ጣሉ፣ በዚያው ሰዓት ለግሩፑ ጻፉ። ግሩፑ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ስንት ሰዓት ላይ ነበር? የት? ከዚያ በፊት ምን ሆነ? መልሱ በደረጃ 3 ወረቀት ላይ የሌለ ሰዓት ከሆነ ይጨመር። ካለ ደግሞ ጎኑ የተጻፈው ሥራ አልሠራም ማለት ነውና ይቀየር።

ከ1 ወር በኋላ አምሮቱ ይራራቃል፤ አደጋው ድንገተኛ ይሆናል፦ ድግስ፣ ለቅሶ፣ መንገድ፣ መጠጥ። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት «እንዲህ ያለ ቦታ እሄዳለሁ፣ በዚህ ሰዓት እጽፋለሁ» በሉ። በሰዓቱ ካልጻፋችሁ ይደወልላችኋል።

ማስጠንቀቂያ

የጋለ ዘይት ትታችሁ መልእክት አትጻፉ፤ ቀድማችሁ ምድጃውን አጥፉ። ዘይት እሳት ከያዘው ውሃ በፍጹም አታፍሱበት፤ ምድጃውን አጥፍታችሁ ድስቱን በክዳን ግጠሙት። ክዳኑ ያልጠፋ ድስት ያልኩት ለዚህም ነው።

ግሩፑ ሐኪም አይደለም። የኒኮቲን መተኪያ አትካፈሉ፣ ልኩን አንዳችሁ ለሌላው አትዘዙ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ መተኪያውን አትጀምሩ። ማጨስ ሲቆም በሰውነት ውስጥ መጠናቸው ወይም ልካቸው የሚለወጥ መድኃኒቶች አሉ፤ ክሎዛፒን፣ ኦላንዛፒን፣ ቲዮፊሊን፣ ዋርፋሪንና ኢንሱሊን ከነዚህ ናቸው። የምትወስዱ ከሆነ ማቆማችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አትቀንሱ፣ አታቋርጡ።

የኒኮቲን ማስቲካ እንደ ሌላ ማስቲካ አይታኘክም። ጣዕሙ እስኪወጣ በዝግታ አኝኩ፣ ከዚያ በድድና በጉንጭ መካከል አሳርፉት፣ ጣዕሙ ሲጠፋ ድገሙ። ከመጠቀማችሁ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎችና እያኘካችሁ ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ አትጠጡ፤ አሲድ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። የተጠቀማችሁበትን ማስቲካና የሚለጠፈውን ከልጅ እጅ አርቁ፤ ውስጡ ኒኮቲን ይቀራል።

ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት ካለፈ ወደ ሐኪም ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ለሰው ተናገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

ግሩፑን «ስንት ቀን ሆናችሁ?» መቁጠሪያ ብቻ ማድረግ። በቀን ቆጠራ ወደኋላ የቀረ ሰው ያፍርና ይወጣል።

ከለኮሱ በኋላ መጻፍ። ያኔ ግሩፑ መናዘዣ ይሆናል፤ እኛ የምንፈልገው ከክብሪቱ በፊት ያለውን መልእክት ነው።

ሲጋራን በሺሻ መተካት። ሺሻም ኒኮቲንና ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ልማዱንም አያስረሳም።

ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንዲመልስ መተው። እሱ የደከመ ቀን ግሩፑ ይፈርሳል፤ ተራ አውጡ።

በመጀመሪያው ሳምንት ድግስ የሚያህል ምግብ ለመሥራት መነሳት። ሲበላሽ ይናደዳሉ፤ ንዴት ደግሞ አሮጌውን መንገድ ያውቀዋል።

ግሩፑን ከፍታችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጀምሩ ለጨነቃችሁ፣ ይህን ቅዱት፦

«እንደምን ዋላችሁ። ሁላችንም አቁመናል ወይም ልናቆም ነው። አምሮት የመጣበት ከመለኮሱ በፊት ‹ገነፈለ› ይበል፣ ያየው ሰው ወዲያው ይጠይቀው። ማታ ማታ ተረኛው የሚጠይቀውን ሁሉም ይመልስ። ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ፦ ምን ጣዳችሁ?»